የስምንተኛው አልጋ ጣውላ

መካነ ሰላም ውስጥ አናጢ ሞልቷል፤ ወንበር ከመሥራቱ በፊት የሰው ጀርባ የሚለካ ግን አንድ ብቻ ነው። አያ አራጌ ይባላሉ። ስድሳን አልፈዋል፤ ቁመታቸው አጭር፣ እጃቸው ለቁመታቸው የማይመጥን ትልቅ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው። ዛሬ የከተማው ሰው የሚያውቃቸው በሌላ ሥራ ስለሆነ ስማቸውን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ዝቅ አላደርግም። የማፍረው በራሴ እንጂ በእሳቸው አይደለም። በእውቀቱ እባላለሁ፣ መምህር ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ከጥፋቱ ድርሻ ስላለኝ ነው።

በወጣትነታቸው ደሴ ወርደው ዐሥር ዓመት በሰው ወርክሾፕ ተቀጥረዋል። እዚያ ተማርኩ የሚሉት ምን መሥራት እንደሌለባቸው ነው። «የምንሠራው ሶፋ ለዓይን ነበር» ይሉኛል። «ገዢው ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ወገቡን ሲያመው ግን እኛ የለንም።» ተመልሰው ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ግቢ የራሳቸውን ወርክሾፕ ሲከፍቱ፣ ለወንበር ብለው የቆመ ዛፍ ላያስቆርጡ ማሉ።

በእኛ አገር ይህ መሐላ እብደት ነው። ወይራና ጽድ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመቃብር ዙሪያ ብቻ ነው። ሌላው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱንም እርጥቡን ከሠሩበት ተጣሞ ያሳፍራል። አያ አራጌ ግን አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ከማገዶ ነጋዴ ቀድመው ይደርሳሉ። ሰውዬው የአያቱን ቤት በብሎኬት ሊተካ፣ ምሰሶውንና ወራጁን ሊፈልጥ መጥረቢያ ሲያነሣ፣ እጁን ይዘው ይለምናሉ። ሰማንያ ዓመት ጭስ የጠጣ ዋንዛ ሲላግ የጠላ ቀለም ይወጣዋል። ያን ቀለም ሲያዩ እንደ ልጅ ይስቃሉ።

የወንበሩ መቀመጫ ጠፍር ነው። ቆዳ እንደ ድሮው ገዢ ስለሌለው በፋሲካና በአረፋ ማግስት ውሻ ሲጎትተው ይውላል፤ እሳቸው እየለቀሙ ይተለትሉታል። ትራሱን ሚስታቸው እትዬ ሙሉሐረግ ከአቀስታ በሚመጣ የበግ ጸጉር ይሞሉታል፤ ማጠቡና ማፍታታቱ ጣታቸውን ጨርሶታል። ምስማር የለም፤ እንጨቱ እንጨቱን ነክሶ ይይዛል። በቬርኒሽ ፈንታ የተልባ ዘይትና ሰም ይቀቡታል። ቤታቸው ስትገባ የሚሸትህ የማር ሽታ ነው።

ልኩን ያገኙት ደግሞ ከመደብ ነው። በገጠር ቤት አባወራው ሠላሳ ዓመት የተቀመጠበት የጭቃ መደብ፣ ወገቡ የሚያርፍበት ግድግዳም ጭምር ይጎደጉዳል። አያ አራጌ ለማኅበርም ይሁን ለለቅሶ በገቡበት ቤት ሁሉ ያችን ጎድጓዳ በእጃቸው ዳብሰው፣ ከኪሳቸው ክር አውጥተው ቋጠሮ እየቋጠሩ ይለካሉ። ስንቱ ቤት «ይኼ ሰው መድኃኒት ሊቀብርብን ነው እንዴ» ብሎ ጠርጥሯቸዋል። እሳቸው መልስ አላቸው፤ «ጭቃው ሠላሳ ዓመት ያጠናውን እኔ በአንድ ቀን በምን አቅሜ ላሻሽለው?»

አባቴ ይርዳው ልብስ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት በስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ጀርባው እንዳጎነበሰ ቀረ። አልጋ ላይ በጀርባው መተኛት አይችልም፣ ወንበር ላይ ደገፍ ቢል አንገቱ ወደፊት ይወረወራል። አያ አራጌ ሦስት ቀን እየመጡ በክራቸው ለኩትና ድጋፉ መሐሉ ላይ ገባ ያለ ወንበር ሠሩለት። የተቀመጠ ዕለት ሳያስበው እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ፣ «አራጌ፣ ይኼ ወንበር ከሚስቴ ይልቅ ጀርባዬን ያውቃል» አለ። እናቴ ነፍሷን ይማርና በሕይወት ብትኖር በማማሰያ ትመታው ነበር።

የከተማው ሰው ግን ያው ነው። ይመጣል፣ ያደንቃል፣ ይቀመጣል፣ ያንቀላፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ ደሴ ሄዶ ስፖንጅ ሶፋ ይገዛል። «የድሮ ቤት እንጨት» ይለዋል። አዲስ ነገር ማለት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ነገር ነው፤ ፕላስቲኩን ሳያወልቅ ሁለት ዓመት የሚቀመጥበትም አውቃለሁ።

ወይዘሮ ፈይዛ ግን የተለዩ ነበሩ። በጨርቅ ንግድ የታወቁ፣ አባቴ ዘንድ ብዙ ልብስ ያሰፉ ሴት ናቸው። በከተማው መግቢያ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አሠሩ። አንድ ቀን አባቴን ሊጠይቁ መጥተው ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና አልነሣም አሉ። በሳምንቱ ስምንት አልጋ አዘዙ።

አያ አራጌን እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ስምንት ክፍል ማለት ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከየትም የሚመጣ ሰው ይተኛበታል ማለት ነው። «ሲነሣ ይጠይቃል» ይሉ ነበር። «ወገቡ ሳያመው የተነሣ ሰው፣ ይኼን ማን ሠራው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።» የሚፈልጉት ይኸው ነበር፤ አንድ ሰው ተኝቶ ተነሥቶ እንዲጠይቅ። የፈረሰ የአንድ እህል ነጋዴ ሙሉ ቤት እንጨት አገኙ፤ ትልልቅ የዋንዛ ምሰሶዎች። ከዓመት በላይ ሠሩ። ሰባቱ አልቀው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። የስምንተኛው ጣውላ ተልጎ፣ ሰም ጠጥቶ፣ መገጣጠም ብቻ ቀረው።

በክረምቱ መግቢያ መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የእኛ ሰው አይጠይቅም፤ መቼ እንደሚከፈት ነው የሚጠይቀው፣ እሱንም የሚነግረው የለም። ከደሴ ይመጣ የነበረ ነገር ሁሉ ቀረ። ዘይት ቀረ፣ መድኃኒት ቀረ፣ የሬሳ ሣጥንም ቀረ። ሣጥን ከደሴ በመኪና ተጭኖ ነበር የሚመጣልን፤ የከተማችን ሣጥን ሠሪ ከሄደ ቆይቷል፣ ሌላው አናጢ ደግሞ አይነካውም። አባቴ የሞተው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ንጋት ላይ አረፈ። ገናዦቹ ሲገንዙት ጀርባው አልዘረጋ አለ። በቅሬያችን፣ በሰፈሩ የቀብር እድር፣ ዕቃ ቤት አንድ ሣጥን ተርፎ ኖሮ አመጡት፤ ስስ፣ ጠፍጣፋ ነገር ነው። አባቴ ሲገባ ደረቱ ከሣጥኑ አፍ በላይ ወጣ፣ ክዳኑ አልገጥም አለ። ከቅሬው ሰዎች አንዱ፣ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ቀብሩ እንዳይረፍድ ብሎ፣ «ትንሽ ጫን ብንለውስ?» አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ነጠላዬን ጥዬ ወደ አያ አራጌ ሮጥኩ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ግቢው ውስጥ ያለው ሌላ እንጨት ለአጥር የመጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። እኔም፣ እሳቸውም፣ እትዬ ሙሉሐረግም ዓይናችን የስምንተኛው አልጋ ጣውላ ላይ አረፈ።

«የፈይዛን እንጨት እንዳይነኩ» አሉ እትዬ ሙሉሐረግ። «ሣጥን የሠራ መጋዝ የሙሽራ አልጋ አይቆርጥም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ይርዳው እየተጫነ ይቀበር?»

እትዬ ሙሉሐረግ ወደ እኔ ዞሩ። እንድናገር ጠበቁ፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ግድ የለም፣ ሌላ እንፈልጋለን እንድል። የሚሉት ነገር እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። ሰዉ አልጋና ሣጥን ከአንድ እጅ እንደማይወስድ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግን አባቴ እቤት ጎብጦ ተኝቷል። ዝም አልኩ። አያ አራጌ መጋዙን አነሡ።

እስከ ስምንት ሰዓት ጨረሱት። የአባቴን ጀርባ ልክ አልጠየቁኝም፤ በጃቸው ነበር። ወለሉን በመሐል ዝቅ፣ በራስጌ ከፍ አደረጉት። ከሥሩ የአቀስታን የበግ ጸጉር ደለደሉበት፤ እትዬ ሙሉሐረግ እንባቸውን እየጠረጉ ራሳቸው አፍታትተው ሰጡ። አባቴ ገባ። ክዳኑ ምንም ሳይነካው ገጠመ። እንደዚያ ተመችቶት ተኝቶ ያየሁት በዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው፤ አለቀስኩ፣ አሁንም ሳስበው አለቅሳለሁ።

ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ሣጥኑን ነው ያየው። እስላሙም ክርስቲያኑም ነበረ። ወይዘሮ ፈይዛ እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው «አጂብ!» አሉ፣ «ለሰው እንዲህ የሚያስብ እጅ!» አሉ። እንጨቱን አላወቁትም ነበር።

በሳምንቱ ከመቃብሩ ማዶ ካለ ሰፈር ለቀስተኞች መጡ። «እንደ ይርዳው ያለ» አሉ። መንገዱ አልተከፈተም፤ ሬሳ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። አያ አራጌ እምቢ ማለት አያውቁም፣ ለሞተ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይችሉም። ከዚያ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ፤ ከየፈረሰው ቤት የለቀሙት ጥቂት ደረቅ እንጨት በዚሁ አለቀ። የሚለኩት ጀርባ የሞተ ሰው ጀርባ ሆነ። እጅግ ጥሩ አድርገው መሥራታቸው ነው የጎዳቸው፤ ክፉ አድርገው ሠርተው ቢሆን ሁለተኛ ማንም አይመጣም ነበር።

ወይዘሮ ፈይዛ የጣውላውን ወሬ ሰምተው ከሁለት ወር በኋላ መጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ቆመው ሰባቱን አልጋዎች በዓይናቸው ቆጠሩ።

«አያ አራጌ፣ ወላሂ ለእኔ እንጨት እንጨት ነው» አሉ። «እኛ በከፈን ነው የምንሄደው፤ ሣጥን አልፈራም። እንግዳዬ ግን ይሰማል። ስምንተኛው አልጋ የት ገባ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

«ሌላ እሠራለሁ፤ ከሌላ እንጨት።»

«ሰባቱስ? ከአንድ ቤት ምሰሶ የወጡ አይደሉም? ወንድማቸው መቃብር ገብቷል እኮ ነው የሚለው ሰው።»

አያ አራጌ የአንዱን አልጋ ራስጌ በእጃቸው ዳበስ አደረጉና፣ «አንድ ሰው ብቻ ቢተኛበት ኖሮ» አሉ። ወይዘሮ ፈይዛ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «አብሽሩ» ብለው አልጋዎቹን ትተው ወጡ። ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ይህ ታሪክ ይቀለኝ ነበር፤ የምራገመው አገኝ ነበር።

እነዚያ ሰባት አልጋዎች እንዴት እንዳለቁ ልንገራችሁ። መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም ሰው መሞቱን አልተወም፤ ደረቅ እንጨት የለም። ምስማር ስለሌላቸው ለመፍታት አላስቸገሩም። ራስጌው ክዳን ሆነ፣ ጎኑ ጎን ሆነ። ለቀስተኛው ሁሉ እያወቀ መጣ። ለሙሽራ የተጸየፈውን እንጨት ለእናቱ ለመነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከአያ አራጌ ደጃፍ የተቆረጠው ሞፈር ብቻ አልነበረም። ወንበር የሚያዝ ጠፋ። ልጆች በደጃፋቸው ሲያልፉ እየሮጡ ማለፍ ጀመሩ። ሰላም የሚላቸው ሰው እንኳ በዓይናቸው ቁመቱን እንዳይለኩት ፈርቶ ቶሎ ይቀመጣል።

በሁለት ዓመቱ አንድ አልጋ ቀረ። እሱን አልፈታም አሉ።

እኔ በዚያው ዓመት ሸጋዬን አጨሁ። የአጅባር ልጅ ናት፤ እዚሁ ጤና ጣቢያ ተመድባ ነው የተዋወቅነው። ወሬው እንደተሰማ እትዬ ሙሉሐረግ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ለራሳቸው ጉዳይ ሰው ደጅ ሄደው የማያውቁ ሴት ከጥበቃው አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ላከብድብህ ብዬ አይደለም» አሉ። «አንዱ አልጋ አለ። አንተ ሙሽራህን ብታስተኛበት የሰው አፍ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሣጥን ላንተ አባት ነው፤ አንተ ካልፈራህ ማን ይፈራል? ሰውዬው እኮ እየሞተብኝ ነው። ቀን ቀን ይሠራል፣ ማታ እጁን እያየ ይቀመጣል።»

«እወስደዋለሁ» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ለሸጋዬ ስነግራት ቅር አላላትም፤ ሄዳ አይታው፣ ጠርዙን በጣቷ ዳብሳ፣ «እንዴት ያምራል!» ብላ መጣች። አያ አራጌ የዚያን ዕለት ክራቸውን አውጥተው እሷንም እንደለኳት ሰማሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ትራስ አሠሩ፤ የሷን አንገት ልክ።

ሠርጉ ዐሥራ አምስት ቀን ሲቀረው እናቷ እትዬ በለጡ ከአጅባር መጡ። መካነ ሰላም በገቡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታሪኩን ሁሉ ሰሙ።

«ልጄን የሬሳ ሣጥን ላይ ልታስተኛት ነው?»

«አልጋ ነው፣ እማማ።»

«የሣጥን ቅሪት ነው! ወንድሞቹ የት አሉ? አንድ በአንድ መቃብር አይደሉም? ይኼም ነገ ይከተላቸዋል፤ ባዶውን አይሄድም።»

ግማሽ ቀን ተከራከርኩ። አስተምራለሁ፣ ሳይንስ አውቃለሁ፣ የማላውቀው ነገር የለም። በመጨረሻ እትዬ በለጡ ሻንጣቸውን አነሡ። «በዚህ አልጋ ከሆነ እኔ ሠርግ ላይ የለሁም» አሉ። ሸጋዬ እኔን አየችኝ። እንደገና ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው እኔን አያውቀኝም።

አልጋ ከደሴ አዘዝኩ። አልጋቸውን መተዌን ግን ለእትዬ ሙሉሐረግ ሄጄ አልነገርኩም፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ሐሙስ ዕለት አይሱዙው ካርቶኑን ጭኖ መጣ። ወደ ቤቴ ሌላ መንገድ የለም፤ በእሳቸው በር ፊት አለፈ።

አልጋው ሲፈታ ሃያ ቁራጭ ቺፑድና አንድ ከረጢት ቡሎን ሆነ። ሚዜዬ አለኸኝ እየገጣጠመ ሳለ ቡሎኑ የሚገባበት ጎን ፈርሶ ዱቄት ሆነ። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። አለኸኝ ከአቀስታ የመጣ እንግዳ ነው፤ ምንም አያውቅም። ቅርብ ያለ አናጢ ጠይቆ፣ እኔ ሳላየው ወጥቶ፣ ይዟቸው መጣ።

አያ አራጌ ከነመሣሪያ ቦርሳቸው በር ላይ ሲቆሙ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ» አሉኝ። ተንበርክከው የፈረሰውን ጎን ዳበሱት። ከቦርሳቸው ቁራጭ ጠንካራ እንጨት አውጥተው፣ ቀርጸው፣ ውስጡ ሰክተው ቡሎኑን አጠበቁት። የተረፈውንም መገጣጠሚያ ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ልባቸው አልችል ብሏቸው ይመስለኛል፣ ሸጋዬን «በየትኛው ጎን ነው የምትተኚ?» ብለው ጠየቋትና በዚያ በኩል ያለውን እግር ደግመው አጠናከሩት። ዋጋ ስጠይቃቸው «ለሠርግህ ነው» ብለው ወጡ።

እትዬ በለጡ እሳቸው እስኪወጡ ነበር የጠበቁት። የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው ገቡና አያ አራጌ የነኩትን ቦታ ሁሉ፣ ጎኑን፣ እግሩን፣ ራስጌውን፣ እያማተቡ ይረጩት ጀመር። አያ አራጌ ግን ካቻቢቴያቸውን ረስተው ኖሮ ተመልሰው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ በለጡ አዩዋቸው፤ እጃቸው ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። እኔ ሙሽራው፣ የቤቱ ጌታ፣ አባቴን ያለ ጭንቅ ያስተኙልኝን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

እሳቸው ተናገሩ። «እትዬ በለጡ፣ ቀስ ይበሉ» አሉ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው። «ቺፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ጨርቅ ካለ ቶሎ ይጥረጉት።» ካቻቢቴያቸውን ከወለሉ አንሥተው ሄዱ።

ጨርቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ዓርብ ከገበያው በላይ ካለ ቤት ሰው ሞተ። አያ አራጌ የመጨረሻውን አልጋ ፈቱት።